በወንዝ ዳር የእንጨት ቅርጻ ቅርጽ መንገድ አሠራር፦ ከቦታ መረጣ እስከ ጥገና

የወንዝ ዳር መንገድ በራሱ ሙሉ ነው። ውሃ አለ፣ ጥላ አለ፣ የወፍ ድምፅ አለ። በዚያ ላይ ከእንጨት የተቀረጸ ዓሣ ወይም የጀልባ ቀዛፊ ምስል ማቆም የሚገባው መንገደኛው ከፊቱ ሲደርስ ስለቆመበት ቦታ አንድ ነገር የሚያውቅበት ከሆነ ብቻ ነው፤ ሰው የሚሻገረው በዚህ በኩል እንደነበረ፣ ይህ አሸዋ ኤሊ እንቁላሏን የምትጥልበት እንደሆነ፣ በትልቁ ጎርፍ ዓመት ውሃው እስከዚህ ደርሶ እንደነበረ። ስለዚህ መጋዝ ከመነሣቱ በፊት ብዙ የእግር ጉዞና ብዙ ጥያቄ ይቀድማል።

ይህ መመሪያ ለማኅበራት፣ ለትምህርት ቤቶች፣ ለአካባቢ አስተዳደሮችና በአንድ መንደር ለተሰባሰቡ ነዋሪዎች የሚሆን ነው። ከሁሉም ክፍል አብዝቼ የማሳስበው ስለ መሠረቱ ነው። የወንዝ ዳር እንጨት መሞት የሚጀምረው ከእግሩ ነውና።

ወንዙን በሙላቱም በጉድለቱም ተመልከቱ

የታሰበውን መንገድ ቢያንስ በሁለት ወቅት፣ ወንዙ ሲሞላና ሲጎድል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጓዙበት። ውሃው የሚደርስበትን ከፍታ የሚናገሩ ምልክቶች ሞልተዋል፤ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ገለባና ላስቲክ፣ በድልድይ ምሰሶ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር፣ ተንሳፎ የመጣ ግንድ ልጡን የፋቀው ዛፍ። እነዚህን ለክታችሁ በካርታ ላይ አስፍሩ። ከዚያም አዛውንቶችን ስለ ትልቁ ሙላት ጠይቁ። የእነርሱ ትዝታ ከመለኪያ ጣቢያ መዝገብ ወደ ኋላ የሚርቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወንዙ የሚጠማዘዝበት ቦታ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ውሃ በጥምዙ ውጫዊ ዳር ፈጥኖ ስለሚሄድ አፈሩን እየሸረሸረ ይወስዳል፤ በውስጠኛው ዳር ደግሞ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ አሸዋና ደለል ይጥላል። ውጫዊው ዳር እይታው ያማረ በመሆኑ ሁሉም ሰው ቅርጽ ማቆም የሚመኘው እዚያ ነው። ይሁንና ዛሬ ከአፋፉ ሦስት ሜትር ርቆ የቆመው ከጥቂት ክረምት በኋላ አፋፉ ላይ ሊገኝ ይችላል። ውስጠኛው ዳር ደግሞ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቶሎ ይጥለቀለቃል። ከሁለቱም ይልቅ ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚፈስበትን ክፍል ምረጡ፤ እዚያም ቢሆን ከዳሩ ወደ ኋላ ራቅ በሉ። በዳሩ ላይ የበቀለውን ቄጠማና ቁጥቋጦ ለእይታ ብላችሁ አትመንጥሩት፤ አፈሩን ጨብጦ የያዘው ሥሩ ነው፣ ቅርጽ የምትሠሩላቸው እንስሳትም የሚኖሩት እዚያ ውስጥ ነው።

መሬቱ የማን እንደሆነና የውሃ አካላትን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በዳርቻው መሠረት መቆፈርን ይፈቅድ እንደሆነ በዚህ ደረጃ በጽሑፍ አረጋግጡ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ታሪኩን ከቦታው አንሡ

አንድ ደንብ ብቻ ያዙ፦ እያንዳንዱ ቅርጽ የሚናገረው ነገር ከቆመበት ቦታ በእይታ ርቀት ውስጥ የሆነ ወይም የኖረ ይሁን። የወፍጮው ቅርጽ ወፍጮው በነበረበት፣ የአጣቢዋ ምስል ልብስ ይታጠብበት በነበረው ድንጋይ አጠገብ ይቁም። ይህን ደንብ ስትጠብቁ የሐሳቦቹ ዝርዝር በራሱ ይጠራል፤ የትም ሊቆም የሚችለው አንበሳና ዘውድ ይወጣና የአካባቢው የራሱ የሆነው ይቀራል።

ታሪክ ለመሰብሰብ አሮጌ ፎቶግራፎችን፣ የመሬትና የድልድይ ሥራ ሰነዶችን፣ የቤተ እምነት መዛግብትን ፈልጉ፤ ከሁሉም በላይ ግን በወንዙ ሲሠሩ የኖሩትን ሰዎች አነጋግሩ። ዓሣ አጥማጁ፣ አሸዋ አውጪው፣ ከብት ጠባቂው፣ ውሃ ቀጂዋ የሚያውቁት ነገር በማንም ሰነድ ላይ የለም። የሚናገሩትን በፈቃዳቸው ቅዱ፤ የቦታዎቹን ስም እነርሱ እንደሚጠሩት ጻፉ። ሲነግሯችሁ መሣሪያቸውን እንዲያሳዩአችሁ ለምኗቸው፤ የመቅዘፊያው እጀታ በእጅ ተበልቶ የሰረጎደበት ቦታ ለቀራጺው ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

የሚያሳምም ታሪክም ይገጥማችኋል። ጎርፍ ሰው የወሰደበት፣ ግጭት የተካሄደበት ቦታ ካለ ቤተሰቦቹ ሳይስማሙ ቅርጽ አይቁም። ሲስማሙም የሟቹን መልክ ከመቅረጽ ይልቅ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ በአንድ ቀጥ ባለ ምሰሶ ላይ ማሳየት የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዱር እንስሳት ደግሞ የምናብ ዝርዝር አይበቃም። በማለዳና በአመሻሽ ወንዙ ዳር ተቀምጣችሁ ያያችሁትን መዝግቡ፤ በጭቃው ላይ ያለውን ዱካ ፎቶ አንሡና ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። ትልልቁን ብቻ አትፈልጉ። እንቁራሪት፣ የሌሊት ወፍ፣ በዳሩ አፈር ውስጥ ጎሬ ቆፍራ የምትፈለፍል ወፍ፣ ከድንጋይ ሥር የሚኖሩ ትንንሽ ነፍሳት የወንዙን ጤና የሚናገሩ ናቸው። ንጹሕና አየር የበዛበት ውሃ የሚሹት ነፍሳት ሲጠፉ ውሃው መበላሸቱን ባለሙያዎች ከዚያ ይረዳሉ። ከእነዚህ አንዷን በክንድ ርዝመት አጉልቶ መቅረጽ ለሕፃናት ትልቅ ግኝት ነው።

ብዛቱን በተመለከተ ጥቂት ይሻላል። ለሁለት ኪሎ ሜትር መንገድ ከስምንት እስከ አሥር ቅርጽ ይበቃል፤ በመካከላቸው ወንዙ ራሱ ይታይ። እኩል ርቀት አትጠብቁ፤ ታሪክ የበዛበት ቦታ ይጠጋጋ፣ ሌላው ይራቅ።

እንጨቱን መምረጥ

በዓለም ላይ ከታወቁት የእንጨት ቅርጾች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው በሩሲያ ኡራል ተራሮች አካባቢ ከረግረግ የወጣው የሺጊር ጣዖት ነው፤ ላርች ከተባለ ዛፍ የተቀረጸ ሲሆን ዕድሜው ከ11,000 ዓመት በላይ ነው። በግብፅ ሳቃራ የተገኘው የካአፐር ሐውልት ደግሞ በደረቅ መቃብር ውስጥ 4,500 ዓመት ገደማ ቆይቷል። አንዱን ያቆየው አየር የማይገባበት ውሃ፣ ሌላውን ያቆየው ድርቀት ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ውሃም አየርም አንድ ላይ ይፈልጋል፤ የእንጨቱ እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ ሥራውን መሥራት አይችልም። የወንዝ ዳር ቅርጽ ደግሞ እግሩ ከአፈር ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ሁለቱንም ያቀርብለታል። ከዚህ በኋላ የሚነገረው የእንጨት ምርጫም ሆነ የመሠረት ሥራ ሁሉ ለዚህ ችግር የሚሰጥ መልስ ነው።

ግንድ ሲቆረጥ በመሐሉ ጠቆር ያለ፣ ከልጡ ሥር ደግሞ ፈዘዝ ያለ ክፍል ይታያል። መሐሉ ዛፉ ራሱን የሚከላከልባቸውን ንጥረ ነገሮች ያጠራቀመበት ስለሆነ ይቆያል፤ ፈዛዛው ግን የየትኛውም ዛፍ ቢሆን ቶሎ ይበሰብሳል። ኢኤን 350 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ እንጨትን በመበስበስ መቋቋም ከ1 እስከ 5 ሲመድብ የሁሉንም ዛፍ ፈዛዛ ክፍል 5ኛ፣ ማለትም የመጨረሻው ደካማ አድርጎ ይቆጥረዋል። ከመሐለኛው ክፍል አንጻር ቲክና ሮቢኒያ በጥንካሬ ከፊተኞቹ መደቦች ሲሆኑ፣ ቢችና አሽ መጨረሻው ላይ ናቸው። እንደ ጽድ ያለ መዓዛማ እንጨት ምስጥን በደንብ ይቋቋማል። ባሕር ዛፍ በቀላሉ ስለሚገኝ ያጓጓል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ክፉኛ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማልም። ለጥቂት ዓመት ብቻ የሚቆም ቅርጽ ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

ለቅርጽ ብሎ ጤነኛ ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ነፋስ የጣለው ወይም ለደኅንነት የሚወገድ ዛፍ ይበቃል። ከአጥርና ከቤት አጠገብ የነበረ ከሆነ ግን በብረት መፈለጊያ መሣሪያ አስፈትሹት። በግንዱ ውስጥ የተቀበረ ምስማር የሞተር መጋዝን ሰንሰለት ይበጥሳል፤ የሚሠራውንም ሰው ይጎዳል።

ስንጥቅን ቀድማችሁ ጠብቁት። እንጨት ሲደርቅ በዙሪያው በኩል የሚኮማተረው ከመሐል ወደ ውጭ ከሚኮማተረው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፤ ስለዚህ መሐሉን የያዘ ሙሉ ግንድ አንድ ቦታ መከፈቱ አይቀርም። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅም አይጠበቅም፤ በተለምዶ ለእያንዳንዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይቆጠራል፣ ወፍራም ግንድ በዚህ ስሌት አሥርት ዓመታት ይወስዳል። ብልሃቱ በቅርጹ ጀርባ፣ ከላይ እስከ ታች፣ እስከ መሐሉ የሚደርስ አንድ ቀጭን የመጋዝ ሰርጥ ማውጣት ነው። እንጨቱ ሲኮማተር የሚከፈተው ያ ሰርጥ ይሆናል፤ ፊቱ ይተርፋል። የግንዱ ሁለት ጫፎች ከጎኑ ይልቅ ፈጥነው ስለሚደርቁ እንደተቆረጡ ወዲያው በሰም ወይም በወፍራም ቀለም ይሸፈኑ።

ንድፍ፦ ሳቢሳ ለምሳሌ

ሳቢሳን ቅረጹ ቢባል አብዛኛው ሰው የሚስለው ሁለት ቀጭን እግር፣ ወደ ፊት የተዘረጋ አንገትና ረጅም መንቁር ነው። ይህ በእንጨት አይዘልቅም። የቆመ ግንድ ቃጫው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል፤ ወደ ጎን የተዘረጋው መንቁር ቃጫውን ስለሚያቋርጥ አንድ ልጅ ሲንጠለጠልበት በአንድ ጊዜ ይሰበራል። ቀጭኖቹ እግሮችም የጎርፍ ግፊት አይችሉም። አሁን ግን ወፏን ዓሣ ስትጠብቅ አስቧት፤ አንገቷን ሰብስባ፣ መንቁሯን ወደ ደረቷ ዝቅ አድርጋ ትቆማለች። መንቁሩ ከቃጫው ጋር ተስማምቶ ወደ ታች ይወርዳል፣ ደረቷ ላይም ይደገፋል። እግሮቿን በቄጠማ ክምር ውስጥ ቅበሯቸው፤ ቄጠማው ጥልቀት በሌለው ሰርጥ ተለይቶ የሚታይ፣ ከግንዱ ያልተነጠለ ወፍራም መቆሚያ ይሆናል። ቅርጹ ጠነከረ፤ ወፏም ይበልጥ ራሷን መሰለች።

ለሁሉም ቅርጽ ተመሳሳይ ጥያቄ ጠይቁ፦ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው የት ይተኛል? የጀልባው ሆድ፣ የተዘረጋ መዳፍ፣ የባርኔጣ አናት ውሃ የሚያቁሩ ከሆነ መበስበስ ከዚያ ይጀምራል። አግድም የሆነውን ገጽ ሁሉ ዘንበል አድርጉት፤ ጎድጓዳ መሆኑ ግድ ከሆነ ከታች ማፍሰሻ ቀዳዳ ይውጣለት። ሕፃናት መውጣታቸው ስለማይቀር የሹል ጫፍ አይኑር። በቅርጹ ክፍሎች መካከል ከ9 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክፍተትም አትተዉ፤ የሕፃን አካል ገብቶ ጭንቅላት የሚቀረቀርበት ልክ ይህ ነው፣ የመጫወቻ ሜዳ ደረጃዎችም የሚከለክሉት ለዚህ ነው። ከግንዱ በፊት በሸክላ አፈር ትንሽ ሞዴል ሠርታችሁ ለታሪኩ ባለቤቶች አሳዩ። መቅዘፊያው የተያዘበት እጅ ቢሳሳት ማረም የሚቻለው ያኔ ነው።

መቅረጽ

የቅርጹን ዋና መጠን በሞተር መጋዝ ማውጣት፣ ቀጥሎ በጠፍጣፋና በጎድጓዳ መሮ ዝርዝሩን መሥራት የተለመደው አካሄድ ነው። የሞተር መጋዙ ሥራ ለሠለጠነ ሰው ብቻ ይሰጥ። የመጋዙ ምላስ ጫፍ፣ በተለይ የላይኛው ግማሽ፣ እንጨት ሲነካ መጋዙ በቅጽበት ወደ ሠሪው ፊት ይወረወራል። የፊት መከለያ ያለው ራስ ቁር፣ የጆሮ መከላከያ፣ ሰንሰለት የሚያቆም ሱሪ፣ ጓንትና ብረት አፍ ጫማ ሳይሟሉ ሥራ አይጀመር፤ ብቻ ሆኖ መሥራትም አይፈቀድ። ሥራው በወንዙ አጠገብ ከሆነ ለሰንሰለቱ ከዕፀዋት የተሠራና በተፈጥሮ የሚፈርስ ዘይት ተጠቀሙ፤ ሰጋቱራው ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ሸራ አንጥፉ።

ፈዛዛውን ክፍል በዚህ ጊዜ አስወግዱት። የመጨረሻውን ገጽ እጅግ ማለስለስ አያስፈልግም። የመሮው ዱካ የቀረበት ላባ ብርሃን ሲያርፍበት ሕይወት አለው፤ ዓይነ ስውር መንገደኛም በጣቱ ያነበዋል።

ለመሸፈኛ ቫርኒሽ አይመከርም። ከእንጨቱ ላይ እንደ ቆዳ ተለጥፎ ይቀመጥና ፀሐይ ሲሰነጥቀው ውሃ አስገብቶ መውጫ ይከለክለዋል። ወደ ውስጥ የሚሰርግ ዘይት፣ ለምሳሌ ለእንጨት ሥራ የተዘጋጀ የተልባ ዘይት ከሻጋታ መከላከያ ጋር፣ የተሻለ ነው፤ ተልባው ብቻውን ሲሆን ሻጋታ ይስባል፣ ገጹም ይጠቁራል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም በወንዝ ዳር ፈጽሞ አይደረግ፤ ዝናብ አጥቦ የሚወስደው ወደ ዓሣው ነው። አንድ አደጋ ደግሞ በጥብቅ ይታወቅ፦ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተከመረ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ወይም ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። ዘይት ተቀባ አልተቀባ ፀሐይ እንጨቱን ከጊዜ በኋላ ግራጫ ታደርገዋለች፤ ይህ ጉዳት አይደለም።

መሠረቱ

እንጨት አትቅበሩ። በኮንክሪት ውስጥ አትትከሉትም፤ ኮንክሪቱ ሲደርቅ እንጨቱም ሲኮማተር በመካከላቸው የሚፈጠረው ክፍተት ውሃ አጠራቅሞ እግሩን ያበሰብሰዋል። ትክክለኛው ዘዴ ኮንክሪቱን ከመሬት በታች ሠርቶ፣ በውስጡ የማይዝግ ብረት መያዣ አቁሞ፣ ቅርጹን ከመሬት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቢቻል 10፣ ከፍ አድርጎ በብሎን ማሰር ነው። ከቅርጹ ሥር አየር ይለፍ። በዙሪያው 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠጠር አንጥፉ፤ ዝናብ ሲመታው ጭቃ አይረጭም፣ ሣር አጫጁም ማሽኑን ወደ እንጨቱ አያስጠጋም። ብሎኖቹም የማይዝጉ ይሁኑ፤ እንደ ኦክ ያሉ ታኒን የተባለ አሲዳማ ንጥረ ነገር የበዛባቸው እንጨቶች ተራውን ብረት ይበሉታል፣ በዙሪያውም ጥቁር እድፍ ይሠራሉ።

አሁን ወደ ጎርፉ። 60 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 2 ሜትር ተኩል ቁመት ያለው ግንድ 0.7 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። እንደ ኦክ ያለ ከባድ እንጨት ገና እርጥብ እያለ 700 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን የትም የማይነቃነቅ ይመስላል። ሲደርቅ ግን በሜትር ኩብ 600 ኪሎ ቢሆን ክብደቱ ወደ 420 ይወርዳል፤ ውሃ ሙሉ በሙሉ ቢውጠው ደግሞ 700 ኪሎ ውሃ ስለሚገፋ በ280 ኪሎ ኃይል ወደ ላይ ይነሣል። ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ቢመዝንም ውሃ ውስጥ የሚቀረው 1,400 ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ግንድ እንዳይንሳፈፍ ለማመጣጠን ብቻ 0.2 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ያስፈልጋል። የጅረቱ ግፊትና ተንሳፎ የሚመጣ ግንድ የሚያሳርፈው ምት ሲጨመርበት ከዚያ ሁለትና ሦስት እጥፍ መሆን ይኖርበታል። ቅርጹ ጎርፍ በሚደርስበት ቦታ ከሆነ የመጨረሻውን ልክ መሐንዲስ ያስላው፤ አምልጦ የሄደ ግንድ ታች ያለውን ድልድይ ሊመታ ይችላልና።

ወንዝ እንጨትን እንዴት እንደሚወስድ ለማየት ዴቪድ ናሽ የተባለው ቀራጺ እ.ኤ.አ. በ1978 በዌልስ ከኦክ የቀረጸውን ትልቅ ድቡልቡል እንጨት ማስታወስ ይበቃል። ጅረት ውስጥ ተትቶ ለአሥርት ዓመታት ከሙላት ወደ ሙላት እየተንከባለለ እስከ ባሕር አፍ ደርሷል። እርሱ ጉዞውን ራሱን የሥራው አካል አድርጎ ተከታትሎታል። በእናንተ መንገድ ላይ ግን ቅርጹ ከታሪኩ ቦታ መነቀል የለበትም።

ማቆም፣ ጽሑፍና መንገድ

የማቆሙ ሥራ መሬቱ ሲደርቅና ወፎች በማይፈለፍሉበት ጊዜ ይሁን። ክሬን የዛፍ ሥር ላይ እንዳይቆም መግቢያውን ቀድማችሁ አመቻቹ። የእግር መንገዱ ቢያንስ አንድ ሜትር ከሃያ ስፋት ይኑረው፤ ዳገቱ ለሃያ ሜትር ርቀት ከአንድ ሜትር ከፍታ ባይበልጥ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው ያለ ረዳት ይሄድበታል። ቅርጾቹን በመብራት አታድምቁ፤ የሌሊት ወፎችንና ነፍሳትን ያውካል።

የጽሑፍ ሰሌዳው ከሃምሳ ቃል አይብለጥ። ቅርጹ ምን እንደሆነ መግለጽ አያስፈልግም፣ ይታያል፤ እዚህ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ማን እንደተናገረ ጻፉ። ለሕፃንና ለተቀመጠ ሰው ዓይን በሚመጥን ከፍታ ይቁም፤ በቅርጹ ላይ ግን አይቸንከር።

ክትትልና ማንሣት

ለእያንዳንዱ ቅርጽ አንድ መዝገብ ክፈቱ፦ የእንጨቱ ዓይነት፣ የተቀረጸበት ጊዜ፣ የአራቱም ጎን ፎቶግራፍ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ፣ ዙሩ። ካቻቪቴ ይዛችሁ እግሩን፣ ስንጥቆቹንና ውሃ ሊተኛ የሚችልበትን ሁሉ ወጋ ወጋ አድርጉ፤ ጤነኛ እንጨት ይመልሰዋል፣ የበሰበሰው ያስገባዋል። የፈንገስ ቁንጮ በገጹ ላይ ከታየ ውስጡ ከዚያ በፊት ሲበላ ቆይቷል ማለት ነው። ብሎን አጥብቁ፣ ከሥሩ የተጠራቀመውን ቅጠልና ደለል ጥረጉ፣ ዘይቱን እንደ አስፈላጊነቱ አድሱ። ስንጥቅን በሲሚንቶ ወይም በማጣበቂያ አትሙሉት፤ ውሃውን ውስጥ ይቆልፈዋል።

ቅርጹ መቼና በማን ውሳኔ እንደሚነሣ ገና ሲቆም በስምምነቱ ላይ ይጻፍ። በእንግሊዝ አገር ፎረስት ኦፍ ዲን በተባለው ደን እ.ኤ.አ. በ1986 በተከፈተው የቅርጻ ቅርጽ መንገድ ላይ በማግዳሌና ዬቴሎቫ የተሠራ ከኦክ የሆነ ግዙፍ ወንበር ነበር፤ የመንገዱ መለያ እስከ መሆን ደርሶ ሳለ እንጨቱ በመዳከሙ እ.ኤ.አ. በ2015 ተነሥቷል። ሕዝብ የወደደውን ነገር ማንሣት ከባድ ነው፤ በቅድሚያ ካልተስማሙበትም ውሳኔው እየተጓተተ ቅርጹ ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሊነሣ ሲል ለነዋሪው አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ፎቶግራፍና ልኬት ውሰዱ። ዘይት ብቻ የነካው ግንድ ከሆነ ከመንገዱ ራቅ ብሎ በጥላ ሥር ይጋደም፤ ለጥንዚዛና ለእንሽላሊት መጠለያ ይሆናል።

ኮንክሪቱና የብረት መያዣው ግን ከቅርጹ በላይ ይቆያሉ። በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት የብሎን ርቀትና ውፍረት ከተጠቀማችሁ አዲሱ ቅርጽ ያለ ተጨማሪ ቁፋሮ በዚያው ላይ ይታሰራል። ስለዚህ ያንን ልክ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።